ዕጣው ደረሳቸው፤ ካርድ ግን አልነበራቸውም

ይሄ በ2014 ዓ.ም. ለኳታሩ ዓለም ዋንጫ ትኬት ያመለከቱ የሁለት የፒያሳ ሰዎች ጉዳይ ነው። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው። ሌላው ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። «ስማችንን ብቻ ተወው» ብለውኛል፤ ትቼዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ሆኖ የዓለም ዋንጫ ትኬት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ዕጣውን ነው። «ስንት ሚሊዮን ሰው ባመለከተበት እኔ ይደርሰኛል?» ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ዕጣው ያለ ብዙ ጣጣ ወጣላቸው። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከመነሻው ልናገረውና፣ እኔ እንደማየው እኛ አገር ሰውን ትኬት የሚያሳጣው ቅደም ተከተል ነው። ማን ቀድሞ ምን ይጠይቃል? በማን ስም? በማን ካርድ? ይሄ ካልተፈታ ዕጣው ቢወጣም ባዶ ነው።

ፎርም ሞይው

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ነበር የምለው አሁን ስለሌለ ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማባዣ ማሽን። ባለቤቱ በሰፈሩ የሚታወቀው ፎርም በመሙላት ነው። ጥቅምት ሲገባ ዲቪ የሚያስሞላ ሰው ደጁ ላይ ይሰለፍ ነበር። ፎቶ ያነሳል፣ ያስተካክላል፣ ይሞላል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩን አትሞ ይሰጣል። «ቁጥሩን እንዳትጥሉት!» ማለት የዘወትር ጸሎቱ ነው።

ስለዚህ የትኬቱን ነገር ሲሰማ «ይሄማ ዲቪ ነው» አለ። ግማሹን ልክ ነበር። አንድ ሰው አንድ ማመልከቻ ብቻ ያስገባል። መጀመሪያ ቀን ያመለከተና መጨረሻ ቀን ያመለከተ እኩል ዕድል አላቸው። መልሱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ልዩነቱ ከዕጣው ወዲያ ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው ቃለ መጠይቁን ወራት ይጠብቃል። ትኬት የደረሰው ሰው ግን በተቆረጠለት ቀን ውስጥ በካርድ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ካልከፈለ ዕጣው ይሰረዝበታል። ያኔ ይሄን ልብ ያለው አልነበረም።

ጋሼ የ1944 ዓ.ም. ልጅ ናቸው። ጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ልጅ ሆነው ስታዲየም አካባቢ ነበሩ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል አይቻለሁ ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ «ከዛፍ ላይ ነው ያዩት» የሚሉ አሉ፤ እሳቸው ዛፉን አይወዱትም። ለማንኛውም የዓለም ዋንጫ አምልጧቸው አያውቅም፣ በቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ኳታር የአራት ሰዓት በረራ መሆኗን ሲሰሙ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጥተው ተቀመጡና «እስቲ እኔንም ሙላኝ» አሉ።

በጥምቀት ዕለት የተከፈተው መስኮት

የመጀመሪያው ዙር የዕጣ ማመልከቻ የተከፈተው ጥር 11 ነበር። ጥምቀት! ታቦታቱ ጃን ሜዳ ወርደዋል፣ ፒያሳ ተዘግቷል፣ ማን ኮምፒውተር ይከፍታል? በዚያ ላይ ዋሊያዎቹ ካሜሩን ላይ ከአፍሪካ ዋንጫ ከተሰናበቱ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር። ኳስ የሚባል ነገር ያስጠላበት ሰሞን ነው። በዚያ ዙር ከዓለም ዙሪያ 17 ሚሊዮን የትኬት ጥያቄ ገባ። ከዶሮ ማነቂያ አንድም አልነበረም።

ሁለተኛው ዙር የተከፈተው መጋቢት 27 ነው። ይሄኛው የተሻለ ነበር፤ ምክንያቱም ከአራት ቀን በፊት የምድብ ድልድሉ ዶሃ ላይ ወጥቷል። ማን ከማን እንደሚጫወት ታውቆ ነው የሚመረጠው። መዝጊያው ሚያዝያ 20፣ በዶሃ አቆጣጠር 12:00 ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዶሃና አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ላይ ናቸው።  መደመር መቀነስ የለም። ግን 12:00 የሚለውን ያየ የኛ ሰው ምን ይላል? «ማታ 12 ሰዓት» ይላል። ጋሼም የግድግዳ ካሌንደራቸው ላይ እንደዚያው ጽፈው ነበር። ባለ ፎቶ ኮፒው ጠዋት ደውሎ «ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የቀኑ ስድስት» ባይላቸው ፓስፖርታቸውን ይዘው በአስር ሰዓት ይመጡ ነበር። ጎረቤት ጫማ ቤት የሚሠራ ልጅ እንደዚያ ሆነ። ከምሳ በኋላ እየሮጠ መጣ፤ ገጹ ተዘግቷል። ፋሲካ ካለፈ አራተኛው ቀን ነው፤ ልጁ እስከዚያ በግ ሲበላ ሰንብቶ አሁን አለቀሰ።

ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ መብራት ጠፋ። የጠፋ መብራት መቼም ምክንያት አይጠየቅም። ስልክ ላይ ባለ ዳታ ነው ያስገቡት።

የትኛውን ጨዋታ?

ትልቁ ክርክር እዚህ ነበር። እኔም ስለነበርኩ ግማሹን ሰምቻለሁ።

ጋሼ ብራዚልን ይፈልጋሉ። በፔሌ ጊዜ የያዛቸው ነገር ነው፣ አይለቃቸውም። ባለ ፎቶ ኮፒው የሜሲ ሰው ነው። «የመጨረሻው ዓለም ዋንጫው ይሆናል፣ አርጀንቲናን ሳናይ ምን ልንሠራ እንሄዳለን?» ይላል። ሁለቱም ሃሳብ ለልብ ጥሩ ነው፣ ለዕጣ ግን መጥፎ። በዚያ ዙር 23.5 ሚሊዮን ጥያቄ ነው የገባው። ከምድብ ጨዋታዎች በጣም ከተፈለጉት ውስጥ አርጀንቲና ከሜክሲኮ፣ አርጀንቲና ከሳዑዲ፣ ፖላንድ ከአርጀንቲና ይገኛሉ። ባለ ፎቶ ኮፒው የመረጠው የዓለም ሰው ሁሉ የመረጠውን ነው ማለት ነው።

እኔ ያልኩት አፍሪካውያኑን ተመልከቱ ነው። ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩን፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያ አሉ። ጨዋታቸው ዓለም ዋንጫ ነው፣ ስታዲየሙ ያው ነው፣ ዋጋው ያው ነው፣ የሚሻማው ሰው ግን ያንሳል። ጋሼ ለጊዜው «ጋናን ልታሳየኝ ነው ኳታር የምትወስደኝ?» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ሦስቱንም ሞሉ፦ አርጀንቲና ከሜክሲኮ፣ ብራዚል ከሰርቢያ፣ ጋና ከደቡብ ኮሪያ።

ስለ ዋጋው ትንሽ። ትኬቱ በአራት የዋጋ ምድብ ነው የሚሸጠው። በጣም ርካሹ ምድብ 4 ለኳታር ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ 40 ሪያል፣ ወደ 11 ዶላር። እኛን የመሰለ የውጭ ሰው ከምድብ 3 ነው የሚጀምረው። ከመክፈቻው በስተቀር ለምድብ ጨዋታዎች 250 ሪያል ነበር፣ ወደ 69 ዶላር። በዚያ ሰሞን ባንክ ውስጥ አንድ ዶላር ወደ 52 ብር ነው። አንድ ወንበር 3,600 ብር ገደማ ማለት ነው። ጋሼ ሲሰሙ ደነገጡ፤ የደነገጡት ግን በማነሱ ነው። «ሠርግ ላይ ከዚህ በላይ እሰጣለሁ» አሉ።

ነገሩን ሁሉ ያቀለለብን ይሄ ቁጥር ነው። 3,600 ብር ማንም ፈልጎ አያጣም። 69 ዶላር ግን ሌላ ነገር ነው።

ኢሜይሉ ቪዛ አይደለም

ግንቦት 23 መልሱ መጣ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ወጥቷል። ጋና ከደቡብ ኮሪያ፣ ሁለት ወንበር፣ ምድብ 3። ጋሼ «እንዳልከው ሆነ» ሲሉኝ ድምፃቸው ውስጥ ምስጋና አልነበረበትም። መክፈያው እስከ ሰኔ 8 ነው። በቂ ጊዜ ይመስላል።

ባለ ፎቶ ኮፒው መጀመሪያ የራሱን የኤቲኤም ካርድ ሞከረ። ካርዱ ላይ የታወቀው ዓለም አቀፍ ምልክት አለ። ቁጥሩን አስገባ፣ ገጹ አልተቀበለም። ደግሞ ሞከረ፣ አልተቀበለም። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ምልክቱ መኖሩ ካርዱ ውጭ አገር ይከፍላል ማለት አይደለም። ሒሳቡ የብር ነው፤ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ካልፈቀደለት ካርዱ ከአገር አይወጣም። የሚሠራው ባንክ ለመንገደኛ ዶላር ሞልቶ የሚሰጠው ካርድ ነው።

እሱን ሊጠይቅ ወደ ቸርችል ወረደ። የባንኩ ልጅ ጨዋ ነበር። «ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዘው ይምጡ» አለው።

«ቪዛው የሚገኘው ትኬቱ ሲከፈል ነው እኮ። የኳስ ትኬቱ ማለቴ ነው።»

«እሱን እኔ አላወጣሁትም።»

«ዕጣ ደርሶኛል የሚል ደብዳቤ አለኝ። ይኸው አትሜዋለሁ።»

«ይሄ ኢሜይል ነው ጌታዬ። ቪዛ አይደለም።»

እንግዲህ ቋጠሮውን ተመልከቱት። ኳታር ለዓለም ዋንጫው ያዘጋጀችው ሐያ ካርድ የሚባል ነገር ነበር። ትኬት የያዘ ሰው ሁሉ እሱን ማውጣት አለበት። ስታዲየም መግቢያም፣ አገር መግቢያም እሱ ነው። ለኢትዮጵያዊ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ኤምባሲ ደጅ ሳይጠና ቪዛውን ይተካለታል። ግን ሐያ የሚሰጠው ትኬቱን ለከፈለ ነው። ትኬቱ የሚከፈለው በዶላር ካርድ ነው። የዶላር ካርዱ የሚሰጠው ቪዛ ላለው ነው። ቪዛው ደግሞ ሐያ ነው። ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ያርፋል።

የባንኩን ልጅ አልወቅስም። በዚያ ጊዜ ዶላር እጥረት ነበር፤ መንገደኛ መሆኑን በወረቀት ላላረጋገጠ ሰው አይሰጥም። ሕጉ የተጻፈው መጀመሪያ ቪዛ፣ ቀጥሎ አውሮፕላን፣ መጨረሻ ገንዘብ ብሎ ለሚሄድ ተጓዥ ነው። ዓለም ዋንጫ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ላይ ይፈልጋል። ሁለት ልክ የሆኑ ሥርዓቶች ናቸው፤ ፊትና ኋላቸው ስለተገለባበጠ ነው መሃል ያለው ሰው የተያዘው።

ካርድ አለኝ የሚለው ልጅ

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁልጊዜ ብቅ የሚል ሰው አለ። «የውጭ ካርድ አለኝ፣ እኔ እከፍልልሃለሁ» አለ። ክፍያው የትኬቱን እጥፍ ያህል ነው። ያ ባልከፋ፤ የከፋው የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። የማመልከቻውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ፈለገ። «እኔው ገብቼ ልጨርሰው» ይላል።

ባለ ፎቶ ኮፒው እዚህ ላይ ነቃ። ለስንት ሰው ፎርም ሞልቶ የይለፍ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያ ልጅ ገብቶ ኢሜይሉን ቢቀይር ትኬቱ የማን ይሆናል? ክፍያው የተፈጸመው ደግሞ በተሰረቀ ካርድ ቢሆንስ? ባለቤቱ ሲያመለክት ክፍያው ይሻራል፣ ትኬቱም አብሮ ይሄዳል። እነ ጋሼ ይሄን የሚያውቁት ዶሃ ስታዲየም በር ላይ ሊሆን ይችል ነበር። ጋሼ ነገሩን ባጭሩ ዘጉት፦ «ልጁ ዓይኑ አይቆምም።»

መፍትሔው ከቤት መጣ። ባለ ፎቶ ኮፒው ታናሽ እህት አለችው። ዶሃ ውስጥ ሱፐርማርኬት ካሸር ናት፣ ባለቤቷ ሹፌር ነው፣ የባንክ ካርድ አላት። ለምን ከመጀመሪያው አልጠየቃትም? ጠይቄዋለሁ። «እሷን ማስቸገር አልፈለግሁም። ወር በገባ ቁጥር ሁሉም ሰው የሚደውልላት ለገንዘብ ነው» አለኝ። ዓረብ አገር እህት ያለው ሰው ይሄን መልስ ያውቀዋል።

በኢሞ ደወለላት። ሳቀች። «ወንድሜ፣ ኳስ ልታይ ነው ወይስ እኔን?» አለችው። «ሁለታችሁንም» አላት።

ክፍያውም ቢሆን ዝም ብሎ አልሆነም። ካርዱ ሲከፍል ባንኩ በእሷ ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። ቁጥሩ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚቆየው። እሷ ደግሞ ሥራ ላይ ስልኳን ሎከር ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ፒያሳ ላይ ቁጥሩ ይጠበቃል፤ ስልኩ ዶሃ ሎከር ውስጥ ይጮኻል። መጀመሪያ ቀን ጊዜው አለፈባቸው። በኋላ በምሳ ዕረፍቷ ቀጠሮ ያዙ። ሰዓታችን አንድ መሆኑ እዚህ ጠቀመ። አንድ ደወል፣ ስድስት አሃዝ፣ 500 ሪያል፣ አለቀ።

ብሩን እንዴት መለሰላት? አልመለሰም። የእናታቸው ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው መቀየር ነበረበት። ያን ወጪ እህትዬው ልትልክ ነበር፤ እሱ ቻለው። ሒሳቡ በቤተሰብ ውስጥ ተዘጋ።

እህት የሌለውስ? ይሄን ጥያቄ ስንቴ ተጠይቄያለሁ። በ2014 ለነበረው ሰው ጥሩ መልስ የለኝም። አሁን ትንሽ ተሻሽሏል። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ግለሰብ በስሙ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ግን እሱም ቢሆን የሚልክ ሰው ይፈልጋል። ዞሮ ዞሮ እህት ያስፈልጋል።

1944 ወይስ 1952?

ትኬቱ ከተከፈለ በኋላ ሐያ ይቀላል ብለን ነበር። የባለ ፎቶ ኮፒው ቶሎ መጣ። የጋሼ ግን ተመለሰ።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ ወሰደ። የጋሼን መረጃ የሞላችው በሱቁ የምትሠራው ልጅ ናት። በዚያ ጠዋት መብራት የለም፣ ሰው ይጣደፋል፤ የልደት ዘመናቸውን የወሰደችው ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ነው። 1944 ይላል። በኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ግን 1952 ነው፤ የፈረንጁ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ከሌላው በስምንት ዓመት ይበልጣል።

ስሙም ላይ ትንሽ ነገር ነበር። ፎርሙ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ እኛ ሦስት ስም ነው ያለን። የአያት ስም የት ይግባ? ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ይግባ። እንደ ልማዳችን ወይም እንደ ዲግሪያችን ሳይሆን እንደ ፓስፖርቱ። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዲት ፊደል መዛነፍ የለባትም።

በመሃል የጋሼ ፓስፖርት ራሱ መታደስ ነበረበት። ከዓመታት በፊት ለኢየሩሳሌም ጉዞ ያወጡት ነው፤ ቀኑ ሊያልቅ ደርሷል። ክረምቱን ሙሉ ሲመላለሱ ከረሙ። ስለ መሥሪያ ቤቱ ብዙ አልልም፤ ወረፋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲሱ ሲወጣ ደግሞ ቁጥሩ ተቀይሯል። ስለዚህ ትኬቱ ላይም ሐያው ላይም አዲሱ ቁጥር መግባት ነበረበት። እኔ ብሆን ከማመልከቴ በፊት አንድ ነገር አደርግ ነበር፤ ፓስፖርቴን ገልጬ ቀኑን አያለሁ። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ማደሪያም ያስፈልግ ነበር፤ ሐያ ሲወጣ የት እንደምታድር ትናገራለህ። ዶሃ በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ አይነገርም። የእህትዬው ባለቤት ቤታቸውን «ዘመድ የሚያድርበት» ብሎ በኳታሩ ገጽ አስመዘገበ፤ ነዋሪ የሆነ ሰው እስከ አሥር እንግዳ መቀበል ይችል ነበር። የሁለቱን ፓስፖርት ቁጥር አስገባ። ጥቅምት ላይ የጋሼም ሐያ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ነገር ነው። የአውሮፕላን ትኬት በብር ተገዛ፤ ከስታዲየሙ ትኬት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐያውንና የበረራ ወረቀቱን ይዞ ወደዚያው ባንክ ሄደ፤ ያው ልጅ አሁን በደስታ አስተናገደው። ለመንገድ የሚሆን ዶላር ተፈቀደ። ዋነኛው ክፍያ ካለፈ ከአምስት ወር በኋላ።

አንድ ነገር ረስቼ። ትኬቱ ወረቀት አይደለም፣ ስልክ ላይ ነው የሚወርደው። ጋሼ በቁልፍ ስልክ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ስማርት ስልኩን አዋሳቸው። ውድድሩ በተጀመረ በማግስቱ፣ የእንግሊዝና የኢራን ጨዋታ ዕለት፣ መተግበሪያው ተቸግሮ ብዙ ተመልካች በር ላይ መቆሙን በዜና ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። «በወረቀት አትምልኝ» ብለው ባለ ፎቶ ኮፒውን አስጨነቁት። አተመላቸው፤ ምንም እንደማይሠራ ግን ነገራቸው። ይዘውት ሄዱ።

ኅዳር 19 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ኤዱኬሽን ሲቲ ስታዲየም። ሐያ ለያዘ ሰው ሜትሮ ነፃ ነበር፤ በአረንጓዴው መስመር ደረሱ። ጋና 2 ለ 0 መራች። ደቡብ ኮሪያ በሦስት ደቂቃ ልዩነት ሁለቱንም በጭንቅላት መለሰች። ሞሐመድ ኩዱስ ሦስተኛውን አገባ፣ 3 ለ 2። መጨረሻ ላይ ኮሪያ የማዕዘን ምት አግኝታ ሳትመታው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊጉ ዳኛ አንቶኒ ቴይለር ጨዋታውን ጨረሰ፤ የኮሪያው አሠልጣኝ እየሮጠ ገብቶ ቀይ ካርድ አየ። ጋሼ ዳኛውን አይተው «ይሄ ሰውዬ እዚህም አለ እንዴ?» አሉ። ፕሪሚየር ሊግ የሚያይ የአዲስ አበባ ሰው ይረዳቸዋል። አርጀንቲና ከሜክሲኮ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ ይሄን አያዩም ነበር፤ እስካሁን ግን አመስግነውኝ አያውቁም።

የዘንድሮው ደግሞ

ፎቶ ኮፒ ቤቱ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ተዛውሯል። በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ የሚዘጋጀው የ2026ቱ ዓለም ዋንጫ ትኬት ሲወጣ ልጆች መጥተው ከበቡት። «ሙላልን፣ አንተ ታውቀዋለህ» ይላሉ። እሱ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው የሚወዱትን ቡድን አይደለም። «የማን ካርድ ነው የሚገባው?» ይላቸዋል።

ትክክል ነው። ዘንድሮ ቅደም ተከተሉ ይበልጥ ጠብቋል። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ በነበረው የዕጣ ዙር ካርዱ የሚገባው ማመልከቻው ላይ ነው። ዕጣው ከወጣ ገንዘቡ በራሱ ይቆረጣል። እህት ከምሳ ዕረፍቷ ተጠርታ ቁጥር የምትናገርበት ጊዜ የለም። በዚያ ዙር ከ500 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ ገብቷል። የመጨረሻው ርካሽ ትኬት 60 ዶላር ነው። ከኳታሩ ያንሳል ትላላችሁ፤ ግን ዶላሩ ባንክ ውስጥ ከ150 ብር በላይ ሆኗል። ያው ወንበር ከ9,000 ብር በላይ ማለት ነው።

ትልቁ ልዩነት ግን ሐያ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ትኬት ቪዛ አይሆንም። አሜሪካ ትኬት ላላቸው ሰዎች የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ላይ ቅድሚያ እሰጣለሁ ብላለች፤ ቀጠሮውን ያቀርባል እንጂ ቪዛውን አያረጋግጥም። የማመልከቻው 185 ዶላር ቢከለከሉም አይመለስም።

አንድ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው፤ የሚያገለግለውም ለሦስት ወር። ውድድሩ የሚጀምረው ሰኔ 4 ነው። ጥር ላይ ተሽቀዳድሞ ቪዛ ያገኘ ሰው ሚያዝያ ላይ ያልቅበታል። ቸኩሎ መሄድ እዚህ ላይ ይጎዳል። በሌላ በኩል የተቀጠረለት ሰው ዘግይቶ ከቀረበ ውድድሩ ሊያልፈው ይችላል። መሃሉን መምታት ነው፣ እሱም በቀጠሮ ዕድል።

ባለ ፎቶ ኮፒው ይሄን ሲያስረዳቸው ግማሾቹ ትተው ሄዱ። አንዲት ልጅ ግን ዳላስ ያለች አክስቷን እዚያው ቆማ ደወለችላት።

ጋሼ አሜሪካን አይፈልጉም። «ለአንድ ጨዋታ ያን ያህል መንገድ?» ይላሉ። የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በጋራ እንደሚያዘጋጁት ካወቁ ወዲህ ሐሳባቸው ናይሮቢ ነው። ለኬንያ እኛ ቪዛ አያስፈልገንም። በሞያሌ በኩል በመኪናም ይኬዳል። ቋጠሮው ግማሹ ከወዲሁ ተፈቷል ማለት ነው። ፓስፖርታቸው ገና አዲስ ነው፤ አረጋግጠውልኛል። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳገኛቸው ባለቤቱን «ናይሮቢ የምታውቀው ሰው የለህም?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። እሱም የአንድ የድሮ ደንበኛውን ስልክ ይፈልግ ነበር፤ ናይሮቢ ኢስትሌ ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ፣ ካርድ ያለው።